ቡናማ ተብሎ የተጻፈው መሬት

የቀኝ ዓይኑ ሞራ ተገፎ ፋሻው የተነሣለት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ሐኪሙ፣ "አንድ ወር ሙሉ መጎንበስ የለም፤ ከባድ ነገር ማንሣት የለም፤ አቧራ ያለበት ቦታ ድርሽ እንዳይሉ" ሲለው፣ ባለቤቱ ከጎኑ ቆማ በጣቷ ትቆጥር ነበር።

"ሥራዎ ምንድን ነው?" አለ ሐኪሙ።

"ጉድጓድ ገብቶ አፈር ማየት ነዋ!" አለች እሷ ቀድማው። "መሥሪያ ቤት ጋሽ ጉድጓድ ነው የሚሉት።"

ሐኪሙ ሳቀ። "እንግዲያው ጉድጓዱ አንድ ወር ይጠብቃቸዋ። የግራው ዓይንም ተራው እስኪደርስ ይታገሥ።"

ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ናቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የእርሻ መሬት ደረጃ ሲያወጣ ኖሯል። መሬቱ ከላይ ምንም ቢያምር፣ ሰብሉ ወገብ ቢደርስ፣ አንድ ሜትር ከሃያ ተቆፍሮ እሱ ራሱ ካልወረደበት በቀር ቅጹ ላይ አንዲት ፊደል አያሰፍርም። "ፊቱን ታጥቦ የመጣ ሁሉ ጤነኛ ነው እንዴ?" ይላቸዋል። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ፣ ግድግዳውን በቢላ ፋቅ ፋቅ እያደረገ፣ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። ከላይኛው ሠላሳ ሳንቲሜትር የተወሰደ አፈር በከረጢት ታስሮ ለላቦራቶሪ ይላካል። ከዚያ በታች ያለው ግን ለገምጋሚው ዓይን የተተወ ነው።

ዓይኑ የሚፈልገው ከሁሉ በፊት ቀለም ነው። በዝናብ ወራት ውሃ የሚተኛበት መሬት በደረቅ ወራት ቢቆፈር ጠብታ አይገኝበትም፤ ግን ውሃው ሲሄድ ቀለሙን ትቶ ነው የሚሄደው። ከታች ያለው አፈር አመድማ ይሆናል፣ በመሃሉም ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች ጣል ጣል ይላሉ። ውሃ የማይተኛበት መሬት እስከ ታች ድረስ ቡናማ ነው። ቡናማ ከሆነ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ፤ አመድማ ከሆነ ሦስተኛ፣ ሲብስም አራተኛ። ለዚህ የሚያገለግል የቀለም መጽሐፍ አለ። በየገጹ ትንንሽ ባለቀለም ካሬዎች ተለጥፈዋል፤ ከእያንዳንዱ ካሬ ሥር ቀዳዳ አለ። አፈሩን አርጥቦ በቀዳዳው ጀርባ መያዝና ከካሬው ጋር ማነጻጸር ነው።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ደስ ብሎት ነበር። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተተክሎ ግማሹን ቤት ይዟል። ገና እንደገባ መስኮቱ ላይ አፈጠጠ።

"ይሄ መጋረጃ መቼ ተቀየረ?"

"የቱ?"

"ይሄ ሰማያዊው።"

"አቤት አቤት! ሰባት ዓመቱ ነው እኮ! ሲገዛ አብረኸኝ ነበርክ።" መኪናዋ ላይ ተደግፋ እስክትታነቅ ሳቀች። "አሁን ገባኝ። ጥቁር ክር አቀብለኝ ስልህ ሰማያዊ እያነሣህ የምትሰጠኝ ልታናድደኝ ይመስለኝ ነበር። አንዴማ የሰው ሱሪ አበላሽቼ የፈታሁትን ረሳኸው?"

እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በመሃል ቀጥ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ክሩን እያሳሳትኩ መስጠት የጀመርኩት።"

"እኔ ቀኑን ጽፌ አስቀምጫለሁ እንዴ? ሁለት ዓመት አይሆነውም? ምነው ፊትህ?"

የሥራ ቦርሳውን ከቁም ሣጥን ሥር ጎትቶ — "አትጎንበስ!" ብላ ጮኸችበት — የቀለም መጽሐፉን አወጣና መስኮቱ ዘንድ ሄዶ ከፈተው። በቀኝ ዓይኑ፣ በታከመው፣ ቡናማውና አመድማው ካሬ እንደ ዳቦ ቅርፊትና እንደ ምድጃ አመድ ተለያይተው ታዩት። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሁለቱ ካሬዎች አንድ ሆኑ። ሁለቱም ቡናማ። መዳፉን አነሣ፤ ተለያዩ። መልሶ ሸፈነ፤ አንድ ሆኑ። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንዳደረገ እንጃ፤ ባለቤቱ ወንበር አምጥታ ከኋላው አስጠጋችለትና ተቀመጠ።

በመጀመሪያ ያቃጠለው ዓይኑ አልነበረም። መጽሐፉ ነበር። ከከፈተው ስንት ጊዜው! ልጆቹ እያንዳንዷን ጓል እያረጠቡ፣ ገጽ እየገለበጡ ሲጨነቁ፣ እሱ ከጉድጓዱ ሆኖ አንዴ ቃኘት ያደርግና "ቡናማ፣ ጻፍ" ይላል። እነሱም "ጋሽ ጉድጓድ መጽሐፉን ራሱ ውጦታል" ይሉና ይሳሳቃሉ። ይህ ሙገሳ ደስ ይለው ነበር። በዚያ ዓይን መጽሐፉን ቢከፍተውም ቀለሙን አይለይም ነበር፤ እውነት ነው። ግን ቢከፍተው ኖሮ ሁለት ካሬ አንድ ሆኖ ሲያይ ይደነግጥ ነበር። ያን ቀን ወደ ሐኪም ይሄድ ነበር። አልከፈተም።

ቀጥሎ ያ መሬት ትዝ አለው።

ከአራት ሳምንት በፊት ነው። ባሏ የሞተባት፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ገበሬ፣ ዳገት ላይ ያለ ሁለት ሄክታር ተኩል ድንጋያማ መሬቷን ሜዳው ላይ ካለ አንድ ሄክታር ጋር ልትለዋወጥ አመለከተች። ዳገቱ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ሜዳውን እሱ ወርዶ አየውና ቅጹ ላይ ጻፈ፦ "ከ40 እስከ 120 ሳ.ሜ. ቡናማ፤ ውሃ አይተኛበትም፤ አንደኛ ደረጃ።" ልውውጡ የተፈቀደው በዚህ ወረቀት ነው። ማንም ካልተቃወመ ሰኞ የመሥሪያ ቤት በር ሲዘጋ ይጸናል። ከጸና በኋላ መመለሻ የለውም። ደግሞ ሴትየዋ ያን ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ እንዲህ ብላው ነበር፦ "አራት መቶ የአቮካዶ ችግኝ አዝዣለሁ። ያለኝን ሁሉ ነው ያፈሰስኩት።" እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "ይሄ መሬትማ ለአቮካዶ የተፈጠረ ነው" ብሏት ነበር።

የአቮካዶ ሥር ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀን ከቆመ ይበሰብሳል። ችግኞቹ የሚመጡት ቅዳሜ ነው።

ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደወለላት። እሱ ያሠለጠናት ልጅ ናት፤ አሁን አለቃው ሆናለች።

"ጋሼ! እንኳን ለብርሃኑ አበቃዎት!"

"አሜን። ነገ ሰው ላኪልኝ፤ ያ የሜዳው መሬት እንደገና ይታይ።"

"ሁለቱም ልጆች እስከ ማክሰኞ አይመለሱም፤ መኪናውም ከነሱ ጋር ነው። ምን ተገኘ?"

"ምናልባት... ተሳስቼ ይሆናል።"

"እርስዎ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ከስድብ በላይ ወጋው። የካሬዎቹን ነገር ሲነግራት ግን ሳቋ ቆመ። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ አንዱ ከተከፈተ ሌላውም ይከፈታል እኮ። በሁለት ዓመት ስንት መሬት ነው ያዩት?" አለችው።

"አላውቅም" አለ። ያውቃል። አርባ አንድ።

ዓርብ ማለዳ ባለቤቱ በር ላይ ቆመች።

"አፈር ስሆንልህ አትሂድ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።"

"አፈርማ ብትሆኚ ደረጃ አወጣልሽ ነበር።"

"በየትኛው ዓይንህ?"

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ትንሽ ቆማ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሸራ ጫማዋን አጠለቀች። "ቆይ፣ እኔም እመጣለሁ። የሚጎነበስልህ ሰው ትፈልጋለህ።"

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር አስቀመጠችው፣ ከዚያ አቧራው ስለገባ ቦታ አቀያየረችው፣ ከዚያ ጥቁር መነጽሩን አስተካከለችለት። እሱ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ይዞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሰላስለው፦ የሜዳው ባለቤት እዚያ መሬት ላይ ምን ዘርቶበት ነበር? ሣር። ሁልጊዜ ሣር ነው የሚያጭድበት። ያን ጊዜ ይህን ሰምቶ "ሰነፍ ነው" ብሎ አልፎታል። አሁን "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" የሚለው ተረት እንደ መንኮራኩሩ ድምፅ በጆሮው ይመላለስ ጀመር።

ሴትየዋ ሜዳው መሃል ነበረች። ክር ዘርግታ፣ በክሩ ልክ የችግኝ ጉድጓድ አስቆፍራለች፤ ጉልበት የሚደርስ፣ ተራ በተራ፣ እስከ አጥሩ ድረስ። ስታየው አካፋዋን ተክላ መጣች።

"እንዴ ጋሼ! በደኅና ነው? ዓይንዎን ምን ሆኑ?"

"ታክሜ ነው። ጉድጓዶቹን ላያቸው ነበር የመጣሁት።"

"ከሆስፒታል ተነሥተው?" ወደ ባለቤቱ ዞረች። "እንዲህ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንዴ?"

"አለ" አለች ባለቤቱ። "ራስ ምታቱን የምታውቀው ግን ሚስቱ ናት።"

እሱ ጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ አንገቱን ለመድፋት ሲሞክር ባለቤቱ በደረቱ ያዘችው። ራሷ ተንበርክካ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ሰድዳ፣ ከሥሩ አንድ ጓል ፈንቅላ አወጣች። ከኮዳዋ ውሃ አንጠባጥባ አረጠበችውና ወደ ፊቱ ከፍ አድርጋ ያዘችለት። መጽሐፉን ከፈተ። ጓሉን በቀዳዳው ጀርባ አደረገ።

አመድማ። በመሃሉ እንደ ምስማር ዝገት የቀላ ነጠብጣብ።

ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። ቡናማ፣ ያማረ ቡናማ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ የታመመው ዓይኑ እውነተኛ እንዲሆንለት ተመኘ።

"ይሄ ጥግ ብቻ ይሆናል" አለ። "ከዚያኛውም አውጪልኝ።"

ባለቤቱ ሄደች፣ ተንበረከከች፣ አመጣች። አመድማ። ከመሃል፤ አመድማ። ከአጥሩ ሥር፤ አመድማ። ከአሥራ ሁለት ጉድጓድ አወጣች፤ ከላይኛው ዳርቻ ከመጣው አንድ ጓል በቀር ሁሉም አንድ ነው። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ቀለሙ ጠፋ።

መጽሐፉን ዘጋው።

"እህቴ፣ እዚህ አትትከይ። ተሳስቼ ነው የጻፍኩልሽ። ውሃ ይተኛበታል።"

ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ ከእግሩ ሥር የወደቀውን ጓል አነሣችና በጣቷ ፈረከሰችው።

"አይቼው ነበር እኮ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሰኞ፣ የመጀመሪያዎቹን ስናስቆፍር። ቆፋሪው 'ይሄ አፈር አመድ አመድ ይላል፣ አይጥምም' አለኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ቤት ገብቼ ወረቀትዎን አውጥቼ አነበብኩት። ቡናማ ይላል። ማኅተም አለበት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የራሴን ዓይን ነው የተጠራጠርኩት! 'አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ያጠናው ነው' ብዬ ሦስት መቶ ጉድጓድ አስቆፈርኩ።" እጇን ከአፈሩ አራገፈች። "ዛሬ ደግሞ መጥተው አመድማ ነው ይሉኛል። እኔ የቱን ዓይንዎን ልመን?"

ባለቤቱ መለሰችላት።

"የሱንም አትመኚ የኔ እህት። የወረቀቱንም አትመኚ። የማይዋሽ ነገር የለም እዚህ?"

ሴትየዋ ዙሪያውን ተመለከተች። ዓይኗ አጥሩ ሥር የተደረደሩት የውሃ ጀሪካኖች ላይ አረፈ።

"ውሃ" አለች።

ሁለቱ ሴቶች አንድ ጉድጓድ መረጡ። አንዷ እየቀዳች፣ አንዷ እየደፋች፣ እስከ አፉ ሞሉት። እሱ መንካት ስለተከለከለ የጀሪካኑን ክዳን ይዞ ቆመ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ከንቱ ሆኖ አያውቅም። ባለቤቱ የስፌት ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጥልቀቱን ለካች፤ ሃምሳ ስምንት ሳንቲሜትር። ሜትሯን ለሴትየዋ ሰጠቻት። ጤነኛ መሬት ከሆነ እስከ ጠዋት ይጠጣዋል፤ ካልሆነ ግን ውሃው ቆሞ ያድራል። ጠዋት ልትደውልለት ተስማሙ።

ቅዳሜ ስልኩ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ፊት ለፊቱ ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ተኩል። ባለቤቱ ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፤ ሻዩ ሽፋን አበጀ። ከቦርሳው ወረቀት አወጣና አርባ አንዱን መሬት በየባለቤቱ መዘርዘር ጀመረ፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። ይሄ ዛፍ ተክሏል። ያኛው ጎተራ ሠርቷል። ይቺኛዋ ሸጣ ከተማ ገብታለች።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ሃምሳ ስድስት" አለች።

"ሃምሳ ስድስት ምን?"

"ሳንቲሜትር ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ የጠጣው ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። እንቁራሪት ነው የጎደለው።" ከጀርባዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። "ችግኞቹ መጥተዋል። ሾፌሩ አውርጂልኝ እያለ ይጮህብኛል። የት ላውርዳቸው ጋሼ? ይንገሩኛ! ራሴ ላይ ልከምራቸው?"

ተነሥቶ ቆመ። "ዳገቱ እስከ ሰኞ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"እዚያ አውርጂያቸው፤ ጥላ ሥር። ሰኞ ከመዝጊያ በፊት ልውውጡን አልፈልግም ብለሽ ማመልከቻ ታስገቢያለሽ። እኔ ቅጹን አሻሽዬ እዚያው እጠብቅሻለሁ።"

"ዳገቱ ድንጋይ ነው እኮ!"

"ድንጋይ ውሃ አይዝም። ለእህል ሦስተኛ ነው፤ ለአቮካዶ ግን ከዚህ ሜዳ በስንት እጥፍ ይሻላል።"

ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ጮኸ። "ይሄንንም ይጽፉልኝ ይሆናላ" አለች።

"እጽፍልሻለሁ።"

"እንዲሁ አይጻፉልኝ። መጥተው፣ ተቆፍሮ፣ እኔም በዓይኔ አይቼ ነው የሚጻፈው።" ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ የማሻሻያ ቅጹን ይዛ ለረጅም ጊዜ አነበበች። 'ምክንያት' በሚለው ሣጥን ውስጥ እሱ እንዲህ ጽፏል፦ "ገምጋሚው ቀለሙን ከመጽሐፉ ጋር ሳያነጻጽር ጻፈ።"

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "ለምን 'የዓይን ሕመም' ብለው አይጽፉም? የሐኪም ወረቀት አለዎት። ማንም አይነካዎትም። ጡረታዎ ሁለት ዓመት ቀረው።"

"ዓይኔስ ታሞ ነበር። መጽሐፉ ግን አልታመመም።"

ማኅተሙን አንሥታ ቀለሙ ላይ ጫነችው፣ እንደገና ጫነችው፤ ለመምታት ግን እጇ ዘገየ። ውጭ መስኮቱ አጠገብ ያቺ ገበሬ ማመልከቻዋን አስገብታ፣ ደረሰኙን አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። በመስታወቱ አየችው። ፈገግ አላለችም፤ አንገቷን ብቻ ነቀነቀችለትና ሄደች። ኃላፊዋ ማኅተሙን መታች። ለመዝጊያ አርባ ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

"ይሄ አለቀ" አለች። "ሌሎቹስ?"

ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። በአራት የታጠፈ፣ በላብ የራሰ ወረቀት ነው። እሷ እስከ ታች ድረስ በጣቷ ወረደች። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

"አርባ አንድ! ሁሉም የተሳሳቱ ላይሆኑ ይችላሉ።"

"ላይሆኑ ይችላሉ።"

"ግማሾቹ ባይሆኑም... ዝም ብንልስ፣ ጋሼ? እኔ ሳልጠይቅዎት፣ እርስዎም ሳይነግሩኝ።"

ጥያቄዋ ክፋት አልነበረበትም። በእነዚያ ቅጾች ሁሉ ሥር የእሷም ፊርማ አለ። እሱም ቢሆን ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያሳርፈው ያውቃል። የጠረጴዛዋን ስልክ ጎትቶ ወደ ራሱ ሲያስጠጋ አልከለከለችውም። የመጀመሪያው ስም ከሁለት ዓመት በፊት ዛፍ የተከለ ሰው ነው። ቁጥሩን አንድ በአንድ መታ።

ጠራ። ጠራ። ሊዘጋው ሲል ተነሣ።

"ሄሎ? ማን ልበል?"

"መሬትዎን ያየሁት ሰው ነኝ፤ ከመሬት መሥሪያ ቤት" አለ። "ዛፎቹ እንዴት ናቸው?"

"ይቆዩ፣ ወጥቼ ልያቸው" አለ ሰውየው። በወዲያኛው ጫፍ አንድ በር ሲከፈት፣ ከዚያ ጫማ አፈር ላይ ሲራመድ ይሰማ ነበር።